ጨው የነሰነስንባት ዳክዬ

ሰው ልጅነቱን የሚያስታውስበትን ሽታ መምረጥ ቢችል ደህና ደህናውን ይመርጥ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የራሰ ፉርሽካ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለቅሶ ልደርስ ወዳደግኩባት ሐይቅ ከተማ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ የያዝኩት ባጃጅ አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመና ሹፌሩ ወርዶ ከአንዲት ሴት ከረጢት ይቀበል ጀመር። በዚህ መሐል ከግቢው ውስጥ ያደረ፣ ውሃ የጠጣ፣ መኮምጠጥ የጀመረ የፉርሽካ ሽታ ከጭቃ ጋር ተደባልቆ መጣ። አንገቴን ከባጃጁ አወጣሁ።

«እዚህ ግቢ ዳክዬ አለ?» አልኩት ሹፌሩን ሲመለስ።

በመስታወቱ አየኝ። «የምን ዳክዬ? የወተት ላሞች ናቸው እንጂ፣ እናት።»

ልክ ነበር፤ አንዷ ከአጥሩ ወዲያ እምቧ ስትል ሰማኋት። እኔ ግን ቀድሜ ወደ ልጅነቴ ሄጃለሁ።

የልጅነት ትዝታ ሳነብ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ልጁ ምንጊዜም ንጹሕ፣ ሽማግሌው ምንጊዜም ዐዋቂ፣ እንስሳው ምንጊዜም ታማኝ ነው። እኔ በማስታውሰው ክረምት ልጅቷ ዋሽታለች፣ ሽማግሌው ተሳስተዋል፤ እንስሳዋ ደግሞ በሙሉ ልቧ የወደደችው እኔን አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ የተሻለ ክረምት አሳልፌያለሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አባቴ መስከረም ሲጠባ ደሴ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እንደምማር ነገረኝ። ነገረኝ ስል ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ ማለቴ ነው። ያሳሰበኝ ነገር ሐይቅ ሲዘንብ ደሴም ይዘንብ እንደሆነ ብቻ ነበር። ለምን እንዳሳሰበኝ ዛሬም አላውቅም።

ከእኛ ግቢ በአጥር ብቻ የምትለየው የእትዬ ብርቄ ግቢ ነበረች። እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው ክርስቲያን ሴት ናቸው፤ እኛ ሙስሊሞች ነን። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ አንድ ጊዜ ከደብረ ዘይት ሲመለሱ አምስት ዳክዬ በካርቶን ይዘው መጡ። ለምን እንዳመጧቸው ሳይናገሩ ሞቱ፤ መኪናው ተሸጠ፤ ዳክዬዎቹ ቀሩ። አራቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ ነው። ከአንዷ በቀር ሁሉም ነጫጭ ናቸው፤ ያቺ አንዷ አንገቷ ግራጫ ነበር፤ ግቢውን የምታስተዳድረውም እሷ ነበረች።

ከተማችን የዱር ዳክዬ በየቀኑ ሐይቁ ላይ እያየች የቤት ዳክዬ ስታይ ግራ ገባት። ክርስቲያኑ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ ተዋቸው። ሙስሊሙ ሸሁን ጠየቀ፤ ሸሁ ሐላል ነው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ቀድሞ ይቅመስ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ አምስቱ ዳክዬዎች በሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ተጠብቀው በሰላም ይኖሩ ነበር።

ችግራቸው እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ አለማወቃቸው ነው። ጭቃ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ አራት እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እኛ ቤት መጡ።

«ታቃፊ ዶሮ አለሽ አሉ» አሏት እናቴን። «እነዚህን ደርቢላት። ከተፈለፈለ እኩል እንካፈላለን።»

«ሦስት ከሆነስ፣ እትዬ?»

«ሦስተኛው ለፈጣሪ።»

«በእርስዎ በኩል ነው በእኔ በኩል?»

«አንች ነገር ትወጃለሽ» አሉና ቡና ሳይጠጡ ወጡ።

እናቴ አራቱን ከሰባት የዶሮ እንቁላል ጋር አስታቀፈች። ነጎድጓድ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል ከገለባው ስር ምስማር አኖረች። በሃያ አንደኛው ቀን ስድስት ጫጩት ወጣ። በማግስቱ ዶሮዋ ልጆቿን ይዛ ግቢ ወረደች፤ የዳክዬዎቹ እንቁላል እንዳለ ቀረ። የዳክዬ እንቁላል ከዶሮ አንድ ሳምንት እንደሚዘገይ በሰፈሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለቤቲቱም አያውቁም። እናቴ ምስማሩን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ዝጓል» አለች። ምክንያቱ ተገኘ። «ሰዓዳ፣ እነዚህን ወስደሽ ጉድባው ውስጥ ጣያቸው።»

አልጣልኳቸውም። አዝኜ አይደለም፤ ሲፈርጡ የሚወጣውን ሽታ ፈርቼ ነው። ገለባ የሞላበት ቅርጫት ውስጥ ከተትኳቸውና ከምድጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ሁልጊዜ በሚሞቅበት ቦታ ሸሸግኳቸው። ነገ እጥላቸዋለሁ አልኩ። እናቴ ስትጠይቀኝ ጣልኳቸው አልኩ። ነገውም ሄደ፣ ከነገ ወዲያውም ሄደ፤ ለእናቴ የዋሸሁት ውሸት በስድስተኛው ቀን ቅርፊቱን ሰብሮ ይጮህ ጀመር።

እናቴ ቅርጫቱን ጎትታ አወጣች። ሦስቱ እንቁላሎች ተበላሽተዋል። ከአራተኛው አንድ እርጥብ፣ ቢጫ፣ ምንቃሩ ሰፊ ነገር ወጥቶ አፉን ይከፍታል።

«ይኸ ከየት መጣ?»

«ከጉድባው» አልኩ።

«ያረቢ፣ ጉድባው ወለደ?»

አልመታችኝም። ሳቋ ቀደማት። ጫጩቷን ወስዳ ዶሮዋ ክንፍ ስር ከተተቻት፤ ዶሮዋ ግን አንድ ጊዜ አየቻትና አናቷን ወጋቻት። ደግማ ከተተቻት፤ ዶሮዋም ደገመቻት። የአንድ ሳምንት ታላቆቿ የሆኑት ጫጩቶች ሳይቀሩ ተረባረቡባት። እትዬ ብርቄ ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቁ።

«ግማሿ የኔ ናት» አሉ።

«የትኛው ግማሽ?» አለች እናቴ።

«የሚጮኸው ያንች፣ ዝም የሚለው የኔ።»

ዝም የሚለው ግማሽ አልነበራትም። ካርቶን ውስጥ ብቻዋን ከተውናት ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮኻለች። ዝም የምትለው እኔ አጠገቧ ወዲያ ወዲህ ስል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ክረምት ሥራዬ ለዳክዬ ባልንጀራ መሆን ሆነ።

ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ከእበት ክምሩ ስር ትል እቆፍራለሁ፤ ከደንገሉ ግርጌ ቀንድ አውጣ እለቅማለሁ። ፉርሽካ በውሃ አሽቼ አስቀምጣለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል፤ እሷ የምትወደው የኮመጠጠውን ነው። ከዚያ እንዞራለን። እኔ ፊት፣ እሷ ከኋላ። የማደርገው ጫማ አረንጓዴ ኮንጎ ነበር፤ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ አባቴ በጋለ ቢላ አቅልጦ አጣብቆታል። ኮንጎ ውስጡ ውሃ ከገባ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል። ኮንጎው ይጮኻል፣ ዳክዬዋ ትመልሳለች፤ እንዲህ እየተነጋገርን እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሰን እንመለሳለን።

የሰፈር ልጆች «የዳክዬ እናት» ይሉኝ ጀመር። ለመስደብ ነበር። እኔ ግን የተሾምኩ ያህል ተሰማኝ። ጠዋት ስነሳ ከካርቶኑ ዘልላ ወጥታ ከበሩ ስር በተውኩት ኮንጎ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ አገኛታለሁ። እኔን ስለሚሸታት ነው አልኩ። እንደዚያ የወደደኝ ሰው ስላልነበረ ነገሩን መመርመር አልፈለግሁም።

በመንገዳችን አያ ይመር ነበሩ። አያ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ አምባሰል ተራራ ላይ ከብት ሲያረቡ ኖረው እግራቸው አልሄድ ሲላቸው ሐይቅ ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። ከልጃቸው ቤት ግንብ ስር፣ መሬት ላይ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ከተማው ውስጥ የሚያውቁት ከብት ስለሌለ የሚያልፈውን ሰው እንደ ከብት ያዩታል፤ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን እንደከሳ፣ የማን ሆድ እንደተነፋ ይናገራሉ። መጀመሪያ ያየናቸው ቀን ዳክዬዋን በበትራቸው ጫፍ አስቆሟት።

«ጥጃዋ የማን ናት?»

«ዳክዬ ናት፣ አያ ይመር።»

«እናቷ የሞተችባት ጥጃ እንዲህ ነው የምትሄደው። የሰው ተረከዝ ተረከዝ እያየች።» አካባቢውን አይተው «መንጋ አላት?» አሉ።

መንጋው አጥሩ ወዲያ እንዳለ ነገርኳቸው። ለምን እንዳልቀላቀልኳት ጠየቁኝ። ትንሽ ናት አልኩ። እንደማልፈልግ አልተናገርኩም።

ነገሩን የቆረጠችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ልብሴን ስታጥብ ቀና ሳትል «መስከረም ስትሄጅ ከነዚያ ዳክዬዎች ጋር ካልሆነች ጭልፊት ነው የሚወስዳት» አለች። «እኔ ሥራ ፈትቼ ከዳክዬ ጋር ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት አልዞርም። ብቻዋን ግቢ ውስጥ ስትጮኽ ደግሞ እንኳን ጭልፊት ጅቡም ይሰማል።»

እንግዲህ ቀኑ ታወቀ። ሐምሌ አልቆ ነበር።

በማግስቱ አቅፌ እትዬ ብርቄ ግቢ ወስጄ ዳክዬዎቹ መሐል አስቀመጥኳት። አምስቱም አንገታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቁ ጀመር። እሺ፣ እሺ የሚሉ መሰለኝና ደስ አለኝ። ወዲያው ግራጫ አንገቷ የጫጩቷን ማጅራት ነክሳ ወደ ጭቃው ደፈቀቻት። ሦስቱ ሴቶች ተከተሉ። ወንዱ ብቻ ከዳር ቆሞ በታፈነ ድምጽ ያንሾካሹክ ነበር። ሴቶቹ ሲጮኹ ሰፈሩ ይሰማል፤ እሱ ከሹክሹክታ ሌላ ድምጽ የለውም። እኔ ጉሮሮውን ያመመውና ለዚህች ምስኪን ሊማልድ ፈልጎ ያቃተው መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጓዳ ማር ሰርቄ በእንጀራ ቀብቼ አበላሁት። ወንድ ዳክዬ ሁሉ ድምጹ እንዲያ እንደሆነ ብዙ ዘመን ቆይቼ ከመጽሐፍ አነበብኩ። ማሩን ግን አልተቃወመም።

ጫጩቷን ደም በደም ሆና ይዣት ስመለስ አያ ይመር አዩኝ።

«ዝም ብለሽ ከተትሻት?»

«አዎ።»

«ላም እንኳ ዝም ብሎ የመጣ ጥጃ አትቀበልም። እናቱ የሞተችበትን ጥጃ ለሌላ ላም ስንሰጥ ጀርባውን በውሃ እናርስና ጨው እንነሰንስበታለን። ላሟ ጨዉን ብላ ትልሰዋለች። ከላሰችው የሷ ይሆናል። አንድ ጠዋት ላይ ልሳ ትወልደዋለች።» በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ጨው አላችሁ ቤት?»

ዛሬ የማስበው ይህን ነው፦ በሰፈሩ ስለ ዳክዬ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ስለ ላም ግን ከአያ ይመር በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሁላችንም ወደ ዕውቀቱ ሄድን። ብዙ የተማሩ ሰዎችም ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ልዩነቱ አያ ይመር ጨዉን የነሰነሱት በአንዲት ዳክዬ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር እትዬ ብርቄ ጾመኛ ናቸው፤ ጾም ሲይዙ አፋቸው ይሰላል። አያ ይመር በትራቸውን ተመርኩዘው፣ እኔ ጫጩቷንና አንድ ጭብጥ ጨው ይዤ ስንገባ በራቸው ላይ ቆመው ያዩን ጀመር።

«ምን ልታደርጉ ነው? ልትጠብሷት?»

«ልናለምዳት ነው» አሉ አያ ይመር።

ጀርባዋን አራስኩ፤ አያ ይመር ራሳቸው ጎንበስ ብለው ጨዉን በጣታቸው ላባዋ ውስጥ አሹት። እጃቸው ትልቅ ነው፤ እሷ ግን አልጮኸችም። አስቀመጥናትና ወደ ኋላ ሸሸን። ዳክዬዎቹ ቀረብ አሉ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ግራጫ አንገቷ በአንድ ዓይኗ አየቻት፣ ዞራ በሌላው አየቻት።

«ዳክዬ ምላስ አለው?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ምላስ የሌለው ፍጡር የለም» አሉ አያ ይመር።

«ይኑረው። ልሶ ያውቃል?»

ይህን ጊዜ ጨዉ ጠዋት የተነከሰችው ቁስል ውስጥ ሳይገባ አልቀረም፤ ጫጩቷ አንድ ጊዜ ዘለለችና እግሬ አውጪኝ ብላ ግቢው ጫፍ ወዳለው ውሃ ሮጠች። የእትዬ ብርቄ ግቢ ወደ ሐይቁ ዝቅ ስለሚል ክረምት ክረምት ጫፉ ላይ ወገብ የሚደርስ ውሃ ይቋጥራል። ገባች። ተንሳፈፈችም። እሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እዩዋት» አልኩ፤ «ማንም ሳያስተምራት።»

ሦስታችንም ፈገግ ብለን ቆመን እናያት ጀመር። መሐል ስትደርስ ጭራዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ጀርባዋ። ከዚያ አንገቷ ብቻ ቀረ፤ እሱም ወደ ላይ ወደ ታች ይል ጀመር። የምትጫወት መሰለኝ። እንደ ትልልቆቹ አንገቷን መነቅነቅ የለመደች መሰለኝ።

«አንች ልጅ» አሉ እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው፤ «ይቺ እየሰጠመች ነው።»

ዳክዬ እንደምትሰጥም ያን ቀን አወቅን። የዳክዬ ጫጩት ላባዋ ውሃ የማያሳልፈው ከእናቷ ገላ በሚነካካት ቅባት እንደሆነ፣ እናት የሌላት ውሃ ውስጥ እንደ ጨርቅ እንደምትርስ ማን ይነግረናል? ከነልብሴ ገባሁ። አንዱ ኮንጎ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ፤ በኋላ በእንጨት አወጣነው። ይዣት ስወጣ እጄ ላይ ምንም አትከብድም ነበር። አያ ይመር ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢውን ታቀፉ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የማደርገው ጠፋኝና እናቴ ሰው ሲያዝን የምትለውን አልኳቸው። «አብሽር፣ አያ ይመር።»

እትዬ ብርቄ ወደ ውስጥ ገቡና ገበያ ዶሮ የሚወሰድበትን ከደንገል የተሠራ ቀፎ ይዘው ወጡ። ጫጩቷን ውስጡ አስገቡና ፀሐይ ካለበት ብቸኛ ደረቅ ቦታ፣ ዳክዬዎቹ ፉርሽካ ከሚበሉበት ገበቴ አጠገብ አስቀመጡት። «እስክትደርቅ እዚህ ትሁን» አሉ። «ቤት መልሳችሁ ከወሰዳችኋት በርበሬ ትጨምሩባታላችሁ።»

ስትደርቅ መሸ። በማግስቱ አልቆም አለች። በሦስተኛው ቀን ዘነበ፤ ቀፎው ላይ ማዳበሪያ ጣሉበት። እንዲሁ እንዲሁ እያለ ቀፎው እዚያው ቀረ። እኔ ጠዋት ማታ አጠገቡ ተቀምጬ ትል በቀዳዳው አቀብላታለሁ። ዳክዬዎቹ መጀመሪያ ቀፎውን ዞረው ሄዱ። ከዚያ ፉርሽካ ከገበቴው ወደ ቀፎው እንደሚረጭ ደረሱበት። ከዚያ ግራጫ አንገቷ ምንቃሯን በደንገሉ መሐል አሾልካ የውስጡንም መስረቅ ጀመረች። ጫጩቷ መጀመሪያ ወደ ጥግ ትሸሻለች፤ በኋላ መሸሽ ተወች፤ በኋላ እሷም ከግራጫ አንገቷ ምንቃር ላይ መንጠቅ ጀመረች። ቢጫው ጸጉሯ ረግፎ ነጭ ላባ አወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት ስደርስ ወንዱ ቀፎው ላይ ተደግፎ ተኝቷል፤ እሷም ከውስጥ በዚያው በኩል ተደግፋለች። በመሐላቸው አንድ ደንገል ብቻ ነበር።

አያ ይመር እየመጡ ያዩ ነበር። መጀመሪያ ከበር ላይ፣ ኋላ ቀረብ ብለው። ያን ቀን ወንዱን በበትራቸው አመለከቱ።

«ጨዉ እየሠራ ነው» አሉ።

እኔ እትዬ ብርቄን አየኋቸው። ሰው ጸሐይ ወጣች ቢላቸው ደመናውን የሚያሳዩ ሴት ናቸው። የሚሰጡትን ስልቻ የሚያህል መልስ ጠበቅኩ።

«ጨው እኮ ዘግይቶ ነው የሚሠራው» አሉ፤ ፉርሽካውን እያሹ።

ቀፎውን ያነሳነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። የፈራነው አልደረሰም፤ ማንም አልነከሳትም። የደረሰው ሌላ ነው። ዳክዬዎቹ ተሰልፈው ወደ ውሃው ሲወርዱ ከኋላቸው ጥቂት ሄደች፤ ቆመች፤ ዞረች፤ እየጮኸች ወደ እኔ መጣች። በማግስቱም እንዲሁ። ጳጉሜ ገባ፤ እሷ አሁንም መንጋው መሐል አቋርጣ ወደ እኔ ነው የምትመጣው። እናቴ ስትጠይቀኝ «አልለምድ አለች» እላለሁ፤ ፊቴን እንደማዘን አደርገዋለሁ። ውስጤ ግን ከበሮ ይመታ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም ልጅ ንጹሕ ነው እንዳይለኝ ነው።

«አንች እያለሽ አትገባም» አሉ እትዬ ብርቄ። ከእትዬ ብርቄ ቤት ግንብ ጀርባ ተደበቅሁ፤ ተከትላ አገኘችኝ። አጥሩ ስር ተቀመጥኩ፤ አገኘችኝ። አያ ይመር እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ከመሬት የሚያይ ሰው የሚያየው እግር ነው።

«ሰዓዳ፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«ለምን?»

«አውልቂ አልኩሽ። እዚያ ግንቡ ስር አድርጊው። አንች ወዲህ ነይ፣ እኔ ዘንድ ቁሚ።»

ባዶ እግሬን ቆምኩ። ዳክዬዋ እየጮኸች መጣች። ወደ እኔ መጣች፤ እጄን ዘረጋሁ። በሁለት እግሮቼ መሐል አለፈች። ግንቡ ስር ደረሰች፤ የግራው ኮንጎ ላይ፣ አባቴ ያጣበቀው ማሰሪያ ላይ አንገቷን አሳረፈችና ዝም አለች።

እትዬ ብርቄ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ቆረጡት።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። «ትል የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሃ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ጫማው ምን አደረገላት?»

አያ ይመር በትራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ላሟም እኮ የላሰችው ጨዉን ነው» አሉ። «ጥጃውን አይደለም። ይኸን እኔ መቼ አጣሁት? ጥጃው ግን አድጎ አረሰ።»

ያን ቀን ኮንጎዬን ፌስታል ውስጥ ከትቼ አልጋ ስር ጣልኩት። ከዚያ በኋላ በባዶ እግሬ ዋልኩ፤ አጥሩንም አላለፍኩም። ሁለት ቀን ጮኸች። እኛ ቤት ቁጭ ብዬ ሰማኋት። እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ከበሩ ላይ ተቀምጣ መንገዴን ዘግታ ነበር።

«አትሂጅ» አለችኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃት።

«አልሄድም።»

«ጆሮሽን ያዥ።»

ጆሮዬን ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጩኸቱ የለም። ሞታለች አልኩ። ጭልፊቱ መጣ አልኩ። አጥሩ ላይ ተንጠላጥዬ ወደ ውሃው አየሁ፤ አምስት ዳክዬዎች መሰሉኝ። ቆጠርኩ፤ ስድስት ነበሩ። ስድስተኛዋ ከወንዱ ቀጥላ ትቀዝፍ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ የዝናቡ ጠብታ ኳስ ኳስ እየሆነ ይንከባለላል እንጂ አይገባም። ከአጥሩ ስወርድ ጉልበቴን ላጥኩ። የላጥኩት ለምን እንደሆነ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝምም።

ደሴ የሄድኩት መስከረም ውስጥ፣ ፀሐይ ባለበት ጠዋት ነው። አባቴ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቶልኝ ነበር። እናቴ ኮንጎውን ከአልጋ ስር አውጥታ አጥባ፣ በዚያው ፌስታል እጄ ላይ አንጠለጠለችልኝ። «የደሴ ጭቃ ሸራ አይችልም» አለች። አባቴ ቦርሳውን ይዞ ቀድሞ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

መንገዱ በእትዬ ብርቄ በር ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ደጁ ላይ ዝናብ ባቆረው ኩሬ ዳር ስድስቱም ዳክዬዎች ወጥተው ጭቃ ይፈትሻሉ። አያ ይመር ፊት ለፊት፣ ከልጃቸው ቤት ግንብ ስር ተቀምጠዋል። ቆምኩ። በእኔና በእሷ መሐል ሦስት እርምጃ ቢኖር ነው። ቀና አለችና በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ሹፌር እንደሚታይ፣ እንጨት ሻጭ እንደሚታይ። ከዚያ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

እጄን ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩ። ኮንጎው ገና እርጥብ ነበር። የግራውን ይዤ ከፊሉን አወጣሁት፤ አረንጓዴው ታየ። እሷ ጎንበስ እንዳለች ነበረች፤ ገና አላየችውም። አያ ይመር አይተውታል። ተይ እንዲሉኝ ጠበቅኩ። እጃቸውን በትራቸው ላይ አድርገው እግሬን ያዩ ነበር።

ግራጫ አንገቷ ድምጽ አሰማች፤ ሁሉም ወደ ግቢው ዞሩ። እሷም ዞረች።

ጫማውን መልሼ ከተትኩ። የፌስታሉን ጆሮ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

«አላወቀችሽም» አሉ አያ ይመር።

«አላወቀችኝም።»

«ጨዉ ነው» አሉ።

«አዎ» አልኩ፤ «ጨዉ ነው።»

አባቴ ከላይ ጠራኝ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላዬ የሚመጣ ነገር ካለ ብዬ እያዳመጥኩ ወጣሁ። ሸራው አዲስ ስለነበር የራሴ እርምጃ እንኳ አልተሰማኝም።